የቤት ሒሳብ፤ ችርቻሮ፥ ዱቤና የጋራ ዘንቢል

የወር ደመወዝ የሚቀበል ሰው ሁሉ የወሩን ሃያኛ ቀን ጠባይ ያውቀዋል። እስከዚያ ቀን ድረስ ባለሱቁን «እንደምን ዋልክ» እያለ ቀና ብሎ ሲያልፍ የነበረው ሰው፥ ከሃያኛው ቀን በኋላ ወይ በሌላ መንገድ ዞሮ ይገባል፤ ወይም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እስኪ ይህንንም ጻፍልኝ» ይላል። በጀሞ፥ በለቡ፥ በላፍቶ፥ በመካኒሳና በጎፋ በየሱቁ ባንኮኒ ሥር የምትቀመጠው ያች ጠርዟ የተበላ የዱቤ ደብተር፥ ስለ ጀማሪ ሠራተኛ ኑሮ ከብዙ መሥሪያ ቤት መዝገብ ይልቅ እውነቱን ትናገራለች።

ስለ ቁጠባ በተነሣ ቁጥር የሚሰጠው ምክር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ማኪያቶውን ተው፥ ሥጋውን ቀንስ፥ በእግርህ ሂድ ይባላል። ምክሩ ክፉ አይደለም። ዳሩ ግን ሥጋ ለበዓል ብቻ ለሚበላ፥ ማኪያቶም ሰው ሲጋብዘው ብቻ ለሚጠጣ ጀማሪ ጸሓፊ ወይም ተማሪ ምን ይፈይድለታል? ከሌለው ላይ ምኑን ይቀንሳል? በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባው ዕቃ ሁሉ ዋጋው እንዴት እንደ ተለወጠ የማያውቅ የለም። የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝም በ2017 ዓ.ም. እና በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ ተሻሽሎአል፤ ነገር ግን ጭማሪው ኪስ ገብቶ ሳይሞቅ ወደ ዘይትና ወደ ጤፍ መሄዱን ሁላችንም አይተናል። ስለዚህ በዛሬው ገጻችን የምንመረምረው ምን መተው እንደሚገባ ሳይሆን፥ ያው አንዱ ዕቃ እንዴት ሲገዛ እንደሚወደድና እንዴት ሲገዛ እንደሚረክስ ነው።

አንድ ተማሪ የማታ ሽሮውን ሊሠራ ሲነሣ ከጉሊት ሁለት ራስ ሽንኩርት፥ አንድ ቲማቲምና ጥቂት ነጭ ሽንኩርት ይገዛል። ዘይቱንም ከባለሱቁ ጀሪካን በኩባያ ያስለካል። በየቀኑ የሚወጣው ገንዘብ ትንሽ ስለ ሆነ ዓይን አይገባም። ያችን ሁለት ራስ ሽንኩርት ግን ሚዛን ላይ አውጥተን በኪሎ ብናሰላት፥ ከጅምላ ተራው ዋጋ እጅግ ርቃ እናገኛታለን። ይህ የሚሆነው የጉሊት እናቶች ስስታሞች ስለ ሆኑ አይደለም፤ እንዲህ ብሎ የሚያማቸው ሰው ቢኖር ኃጢአት ይገባል። እነርሱም የታክሲና የተሸካሚ ከፍለው ነው ያመጡት፤ ከመደቡ መካከል የሚበሰብሰውም የእነርሱ ኪሳራ ነው፤ ቀኑን ሙሉ በፀሐይና በዝናብ የሚቀመጡበትም ዋጋ አለው። እኛ ሁለት ራስ ሽንኩርት ስንገዛ የዚህን ሁሉ ድርሻ በሁለቱ ራስ ላይ እንከፍላለን። እንግዲህ ትንሽ የሚገዛ በውድ ይገዛል ማለት ነው፤ ትንሽ የሚገዛው ደግሞ ትንሽ የሚከፈለው ሰው ነው። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ባለመኪናው ሰው አንድ ጆንያ ድንች በርካሽ ጭኖ ሲሄድ፥ ታክሲ የሚጋፋው ሰው ያንኑ ድንች በግማሽ ኪሎ በውድ ይገዛል።

የንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ነዋሪ በዚህ ረገድ ከሌላው የተሻለ ዕድል ወጥቶለታል። እስከ 2012 ዓ.ም. ድረስ ለአዲስ አበባ የሚመጣው አትክልት የሚራገፈው ፒያሳ በነበረው አትክልት ተራ ነበር። በዚያው ዓመት የኮሮና በሽታ ሲገባ መጨናነቁን ለመቀነስ ገበያው ወደ ጃንሜዳ ተወሰደ። ጃንሜዳ ደግሞ የጥምቀት በዓል የሚከበርበት ቦታ ስለ ሆነ፥ የ2013 ዓ.ም. ጥምቀት ከመድረሱ አስቀድሞ ሜዳው እንዲለቀቅ ተደረገና ነጋዴው ኃይሌ ጋርመንት ወደሚባለው ሰፈር ተዛወረ። ለአራዳ ሰው ገበያው ራቀበት፤ ለጀሞና ለለቡ ሰው ግን ደጁ መጣለት። ከመቂና ከባቱ የሚመጣው ሽንኩርትና ቲማቲም እዚሁ ሰፈር ይራገፋል። ሆኖም ከዚሁ ገበያ በአጭር የታክሲ መንገድ ላይ እየኖሩ ዓመቱን ሙሉ በመደብ የሚገዙ ሰዎች ብዙ ናቸው። ለምን እንደ ሆነ ሲጠየቁ «ብቻዬን ሄጄ ምን ያህል እገዛለሁ?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ጥያቄ ነውና ቁጥሩን እንየው።

እርሳስ እንያዝ። ለስሌት ያህል በሰፈራችን ሽንኩርት በኪሎ 80 ብር፥ በኃይሌ ጋርመንት ደግሞ 60 ብር ነው እንበል። የታክሲውም ደርሶ መልስ 40 ብር ይሁን። እነዚህ ቁጥሮች ለምሳሌ የተያዙ ናቸው፤ አንባቢ የሳምንቱን እውነተኛ ዋጋ በቦታቸው ያግባ። አንድ ሰው ብቻውን ሄዶ 2 ኪሎ ቢገዛ ከሽንኩርቱ 40 ብር ያተርፋል፤ ያንኑ 40 ብር ታክሲው ይወስድበታል። የቀረው ድካሙ ብቻ ነው። ይኸው ሰው ብልህ ልሁን ብሎ 10 ኪሎ ቢገዛስ? በጠባብ ክፍል ውስጥ ለብቻው 10 ኪሎ ሽንኩርት እስኪጨርስ ድረስ ከፊሉ ይበቅላል፥ ከፊሉም ይሸታል። ሦስት ኪሎ ቢበላሽበት የበላው 7 ኪሎ ብቻ ነው። ያን 7 ኪሎ ከሰፈሩ ቢገዛው ኖሮ 560 ብር ይበቃው ነበር፤ እርሱ ግን ከነታክሲው 640 ብር አውጥቶአል። ቆጠብኩ ሲል 80 ብር ከሰረ።

አሁን ደግሞ በአንድ ፎቅ ወይም በአንድ ግቢ የሚኖሩ አራት ቤቶች ይስማሙ። ሽንኩርት፥ ድንችና ቲማቲም ተደምሮ በየሳምንቱ 20 ኪሎ ይግዙ፤ በኪሎ ያለው ልዩነት እንደ ላይኛው 20 ብር ይሁን። ትርፉ 400 ብር ነው። ከዚህ ላይ የአንድ ሰው ታክሲ 40 ብር፥ የተሸካሚም 30 ብር ሲቀነስ 330 ብር ይቀራል። ለእያንዳንዱ ቤት በሳምንት 82 ብር ከ50 ሣንቲም፥ በአራት ሳምንት 330 ብር ማለት ነው። ድካሙስ? አራቱ ቤቶች ተራ ከገቡ እያንዳንዱ ሰው በወር አንድ ቅዳሜ ጧት ብቻ ይሄዳል። አምስት አምስት ኪሎው ደግሞ በሳምንት ውስጥ ስለሚያልቅ የሚበሰብስ የለም። ብቻውን የሄደውን ሰው ሁለት ነገር አሸንፎት ነበር፤ ታክሲውና ብስባሹ። ሁለቱንም ያሸነፈው የጎረቤት ስምምነት ነው።

«ጥሩ ነው፤ ግን እንጣላለን» የሚሉ አይጠፉም። እውነታቸውን ነው፤ በሽንኩርት የተጀመረ ኩርፊያ እስከ እድር ሊደርስ ይችላል። ነገር ግን ይህ ሕዝብ በሬ ገዝቶ ቅርጫ ሲካፈል የኖረ ሕዝብ ነው፤ የማካፈልን ጥበብ ከሌላ አገር አይማርም። በቅርጫ ሥጋው ከተመደበ በኋላ ማን የትኛውን መደብ እንደሚወስድ የሚለየው ዕጣ ነው። በሽንኩርቱም እንዲሁ ይሁን፤ ወይም ያካፈለው ሰው መጨረሻ የቀረውን ይውሰድ። እንዲህ ከሆነ ሲያካፍል እጁ አይንቀጠቀጥም። ሁለተኛው ደንብ ገንዘቡ ከግዢው በፊት መሰብሰቡ ነው። ቴሌብር ካለ ዓርብ ማታ ይተላለፍ፤ ያላስተላለፈ ሰው የዚያን ሳምንት አልታዘዘለትም ማለት ነው። «በኋላ እሰጥሃለሁ» የሚባለው ቃል ከተፈቀደ ያ ማኅበር በሁለት ወር ውስጥ ሌላ የዱቤ ደብተር ይሆናል። ሦስተኛው፥ ቁጥሩ አይብዛ። ከአራት እስከ ስድስት ቤት ይበቃል። አሥር ከሆኑ ሊቀ መንበር መምረጥ ይጀምራሉ፤ ሊቀ መንበር ከመጣም ስብሰባ አይቀርም።

ገበያ የሚሄደው ሰው ዘንቢል ወይም ጠንካራ ማዳበሪያ ይያዝ። የተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ያጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ፌስታልን ስለ ከለከለ ብቻ አይደለም፤ ቲማቲም በፌስታል ተጨምቆ ታክሲ ውስጥ ሲገባ እቤት የሚደርሰው ድልህ ሆኖ ነውና። ሌላም የምትያዝ ዕቃ አለች፤ ያልተከፈተች ባለ አንድ ሊትር ሃይላንድ። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ይመዝናል፤ ከነላስቲኩ ጥቂት ግራም ብቻ ትበልጣለች። ሚዛኑ የተጠረጠረ እንደ ሆነ እርሷን አስቀምጦ ማየት ነው። ይህ ሲደረግ በትሕትና ይሁን።

«እትዬ፥ እስኪ ይህችን ሃይላንድ ሚዛኑ ላይ ላስቀምጣት?»

«ምነው ልጄ፥ አላመንከኝም እንዴ?»

«ኧረ እትዬ፥ እርስዎንስ አምኛለሁ፤ ሚዛኑን ነው የማላውቀው።»

እንዲህ ሲባል የሚስቁ ብዙዎች ናቸው፤ የሚቆጡትን ትቶ ወደሚስቁት መሄድ ነው።

ወደ ጤፍ እንምጣ። የቤት ወጪ ትልቁ ድርሻ የእርሱ ስለ ሆነ እዚህ ላይ የሚደረግ ስሕተት በሽንኩርት አይካስም። ጤፍ የሚታጨደውና የሚወቃው ከኅዳር ጀምሮ ነው፤ አዲሱ ምርት ከአድአ፥ ከምንጃር፥ ከበቾና ከጎጃም ወደ ከተማ የሚበዛው በታኅሣሥና በጥር ነው። ክረምቱ ሲገባ ገበሬው እጁ ላይ የቀረው ጥቂት ይሆናል፤ መንገዱም ይበላሻል፤ ስለዚህ ሐምሌና ነሐሴ ለጤፍ ገዢ ደግ ወራት አይደሉም። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ነገር ግን በጥር ወር አንድ ኩንታል የሚገዛበት ገንዘብ በአንድ ጊዜ የሚገኘው ማን ዘንድ ነው? እዚህም መልሱ ያው ነው። አንድ ኩንታል 100 ኪሎ ስለ ሆነ ለአራት ቤት 25 ኪሎ ይደርሳል፤ 25 ኪሎ የሚገዛበት ገንዘብ ደግሞ ሦስት ወር አስቀድሞ በጥቂት በጥቂቱ ቢቀመጥ የማይገኝ አይደለም። ጤፍ ፍሬው ደቃቅ ስለ ሆነ እንደ ባቄላና እንደ ስንዴ ነቀዝ አይደፍረውም፤ እርጥበት ካላገኘው ደኅና ይቀመጣል። ዱቄቱ ግን እንደ እህሉ አይቆይምና የሚፈጨው ለሁለትና ለሦስት ሳምንት የሚሆነው ብቻ ይሁን። ሲገዛም አንድ እፍኝ በመዳፍ ላይ አድርጎ እፍ ማለት ነው፤ ገለባውና አቧራው ምን ያህል እንደ ሆነ ያን ጊዜ ይታያል። ርካሽ ሆኖ ገለባ የበዛበት ጤፍ፥ ከተነፋ በኋላ በኪሎ ሲሰላ ከንጹሑ ይበልጥ ውድ ሊሆን ይችላል። ማኛው ካልሆነ እንጀራ አይባልም የሚለውን ኩራት ደግሞ ለሠርግ እናቆየው፤ ሰርገኛው ጤፍ በዋጋው ይቀላል፥ በጉልበቱም አያንስም።

በኪራይ ክፍል ለብቻው የሚኖር፥ የኤሌክትሪክ ምጣድም የሌለው ተማሪ ግን ይህን የጤፍ ምክር ቢዘለው ይሻለዋል። ለአንድ አፍ ጤፍ ገዝቶ፥ አስፈጭቶ፥ አቡክቶ፥ ምጣድ ተውሶ መጋገር ጊዜውንም ገንዘቡንም ይበላዋል። ለእርሱ የሚሻለው ከሁለት ሦስት ባልንጀሮቹ ጋር ሆኖ ከአንዲት እንጀራ ጋጋሪ ጋር በቋሚነት መስማማት ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ይህን ያህል እንጀራ እንወስዳለን፥ ገንዘቡንም ስንወስድ እንከፍላለን ቢባል፥ የተረጋገጠ ገዢ ያገኘች ሴት ዋጋ መቀነሷ አይቀርም። ከሱቅ በር ላይ አንድ አንድ እያለ የሚገዛው ሰው ይህን ቅናሽ አያገኝም።

የዘመን አቆጣጠራችን ራሱ ለሸማች መካሪ ነው፤ ልብ የሚለው ሰው ጥቂት ሆኖ ነው እንጂ። በሁዳዴ ጾም 55 ቀን ሙሉ እንቁላልና ቅቤ ፈላጊያቸው ስለሚቀንስ ዋጋቸው ይወርዳል፤ ለፋሲካ ሳምንት ሲቀረው ደግሞ ሁሉም ባንድ ቀን ገበያ ይወጣና ዋጋው ይሰቀላል። ለመድኃኒትም ሆነ በሌላ ምክንያት የማይጾም ሰው እንቁላሉን ያን ጊዜ ይብላ። ለፋሲካ ቅቤ የሚፈልግም ሰው በጾሙ አጋማሽ ገዝቶ፥ አንጥሮ ቢያስቀምጥ አይበላሽበትም። ሽንኩርትም ለዶሮ ወጥ ስለሚፈለግ በየበዓሉ ዋዜማ ይወደዳል፤ ደረቁን መርጦ ከሁለት ሳምንት በፊት ገዝቶ፥ ነፋስ በሚገባበት ቦታ ዘርግቶ ያስቀመጠ ሰው ዋዜማውን በቤቱ ተቀምጦ ያሳልፋል። በርበሬ ከማረቆና ከአላባ በብዛት የሚገባው በበጋ ስለ ሆነ፥ ዛላው ተገዝቶ የሚሰጣውም የሚደለዘውም ያን ጊዜ ነው። ክረምት ላይ በርበሬ የሚገዛ ሰው ፀሐይንም አብሮ ይገዛል።

እንደ ጤፍና እንደ በርበሬ ላለው ዕቃ ከጅምላ ተራ ሌላ ሁለት በር አለ። አንደኛው የከተማው አስተዳደር በ2014 ዓ.ም. በየክፍለ ከተማው ያስጀመረው የእሑድ ገበያ ነው፤ አምራቹና የገበሬዎች ማኅበር ደላላ ሳይገባ ለሸማች እንዲሸጡ የታሰበ ነው። ለእህልና ለዘይት ማልዶ መሄድ ይሻላል፥ ቶሎ ያልቃልና። አትክልት የሚፈልግ ግን ወደ ማምሻው ቢሄድ አይጎዳም፤ ሻጩ የቀረውን መልሶ መጫን ስለማይፈልግ በዋጋው አይጨክንም። ሁለተኛው በር የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሱቅ ነው፤ ስለዚህኛው ጥቂት መናገር ያስፈልጋል።

ወጣቱ ሰው የሸማቾች ሱቅ ሲባል የሚታየው ስኳርና ዘይት መጣ ሲባል የሚሰለፈው ሰልፍ ነው። እናቶቻችንና አባቶቻችን ደግሞ የሚያስታውሱት የደርግን ዘመን የቀበሌ ሱቅና የኩፖን ደብተር ነው፤ ይኸውም በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቀበሌዎች ከተቋቋሙ በኋላ የመጣ ነው። ስለዚህ ኅብረት ሥራ ማለት መንግሥት የሚያከፋፍልበት መስኮት መስሎ ቀርቶአል። አሳቡ ሲወለድ ግን እንዲህ አልነበረም።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1844 በእንግሊዝ አገር በሮችዴል ከተማ የሚኖሩ 28 ሰዎች፥ የጨርቅ ሸማኔዎችም ከመካከላቸው ያሉ፥ እንደ እኛው በዱቤ ደብተርና በጎደለ ሚዛን ተማርረው ነበር። ከየደመወዛቸው በጥቂት በጥቂቱ አጠራቅመው 28 ፓውንድ አዋጡ፤ በታኅሣሥ ወርም አንዲት ትንሽ ሱቅ ከፈቱ። መጀመሪያ የሸጡት ዱቄት፥ የአጃ ዱቄት፥ ቅቤ፥ ስኳርና ሻማ ብቻ ነበር። ሰፈርተኛው ሳቀባቸው ይባላል። ደንባቸው ግን ጥብቅ ነበር፤ ሚዛኑ ሙሉ፥ ዕቃውም ባዕድ ነገር ያልተቀላቀለበት ይሁን፤ አባል ሁሉ ባለ አንድ ድምፅ ይሁን፤ ትርፉም ለአባላት እንደ ገዙት መጠን ይመለስ፤ ከሁሉም በላይ በዱቤ አይሸጥም። ድሆች ሆነው ሳለ ዱቤን መከልከላቸው ጭካኔ ይመስላል። ነገር ግን የተነሡት ዱቤ ድሀን ምን እንደሚያደርገው በራሳቸው ላይ አይተው ነው። ዛሬ በዓለም ያለው የሸማቾች ኅብረት ሥራ ሁሉ አባት አድርጎ የሚጠቅሰው ያችን ሱቅ ነው።

በአገራችንም የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1966 ወጥቶ ነበር፤ ዛሬ የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 985/2009 ነው። አባል የሆነ ሰው በጠቅላላ ጉባኤ አንድ ድምፅ አለው፤ ሒሳቡን የመጠየቅ መብት አለው፤ ከትርፉም ድርሻ ይገባዋል። እንግዲህ በወረዳችሁ ያለው የሸማቾች ማኅበር ሱቅ መደርደሪያው ባዶ ከሆነ፥ ወይም ዋጋው ከጎረቤቱ ሱቅ የማይሻል ከሆነ፥ ደጁ ላይ ቆሞ ማማት አይበቃም። ዕጣ ገዝቶ አባል መሆን፥ ጉባኤ ሲጠራም ገብቶ «ጤፉን ከማን ገዛችሁት? በስንት?» ብሎ መጠየቅ ነው። በመሥሪያ ቤት ሲውል የሰውን ሒሳብ የሚመረምር ጸሓፊ በሰፈሩ ማኅበር ሒሳብ ላይ ዝም ማለቱ ይገርመኛል።

ርካሽ ሁሉ ርካሽ እንዳልሆነም እናስብ። የሽሮ ዱቄት ከሌላው በጣም ቀንሶ ሲገኝ ጓያ በዝቶበት እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል። ጓያ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን እግርን የሚያሽመደምድ መርዝ አለበት፤ በ1989 ዓ.ም. ገደማ በወሎ ደላንታና ዳውንት ከድርቅ በኋላ ብዙ ሰዎችን አካለ ስንኩል አድርጎአል። አተሩን፥ ሽምብራውን ወይም ባቄላውን ፍሬውን ዓይቶ ገዝቶ በጋራ ማስፈጨት ከዱቄቱ ይመረጣል። የተደለዘ በርበሬና «የገጠር» ተብሎ በየመንገዱ የሚዞር ቅቤም እንዲሁ ነው፤ ሻጩን የማታውቁት እንደ ሆነ ዋጋው ለምን እንደ ቀነሰ ራሳችሁን ጠይቁ።

የቀረው ያ የዱቤ ደብተር ነው። ባለሱቁን አንወቅሰው፤ ገንዘቡ ሰው እጅ ላይ ነው፥ አንዳንዱም ቤት ለቅቆ ይጠፋበታል። ይህን ሥጋቱን ዋጋው ላይ ይጨምራል። በግልጽ ባይጨምርም እንኳ ባለዱቤ የሆነ ሰው «ቀንስልኝ» የማለት አፍ የለውም፤ ሌላ ሱቅ ሄዶም በጥሬ ገንዘብ ሲገዛ እንዳይታይ ያፍራል። በየወሩ የ3,000 ብር ዕቃ በዱቤ የሚወስድ ሰው፥ ከጥሬ ገንዘብ ገዢ ከመቶ 10 ብር አስበልጦ ይከፍላል ብንል በወር 300፥ በዓመት 3,600 ብር ይሆናል። አንድ ዓመት ሲሞላው ከአንድ ወር ዱቤው የሚበልጥ ገንዘብ ከፍሎአል፤ ዱቤው ግን እንዳለ ነው።

ከዚህ መውጫው የአንድ ወር መሻገሪያ ገንዘብ ማግኘት ብቻ ነው፤ እርሱም በእቁብ ይገኛል። ሽንኩርቱን አብረው ከሚገዙት ወይም ከመሥሪያ ቤት ባልንጀሮች አምስት ሰዎች በየወሩ 600 ብር ቢያዋጡ 3,000 ብር ይሞላል። የመጀመሪያው ወር በዕጣ ሳይሆን በስምምነት ደብተሩ ለከበደበት ሰው ይሰጥ፤ የቀሩት ዕጣ ያውጡ። ገንዘቡ በእጅ አይሰጥ፤ ደመወዝ በገባ ቀን ከተቀባዩ ጋር ሁለት ሰዎች ወደ ሱቁ ይሂዱና ዕዳው ይከፈል፤ ገጹም በባለሱቁ እጅ ይሰረዝ። ያ ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ በጥሬ ገንዘብ ስለሚገዛ 300 ብሩ ይቀርለታል፤ የእቁቡን ግማሽ ከዚያው ይከፍላል። በአምስተኛው ወር የአምስቱም ገጽ ተሰርዞአል። እቁቡ በመስከረም ቢጀመር አምስተኛው ወር ጥር ነው፤ ያን ጊዜ አዲሱ ጤፍ ገበያ ላይ ነውና፥ ስድስተኛውን መዋጮ ሳይበትኑ ለጤፍ መግዣ ማዋል ይቻላል።